የሻምበል አንጁሎ የገመድ ቤት

ሻምበል አንጁሎ ጓሮው ውስጥ፣ ቀዩ ጭቃ ላይ በደረታቸው ተደፍተዋል። ልጃቸው ማክዳ መጀመሪያ የመሰላት የወደቀባቸውን ነገር እየፈለጉ እንደሆነ ነው። በጌታ! ሰው አባቱን መሬት ላይ ሲያይ ወዲያው «ሞተ» ብሎ አያስብማ! ቁርሳቸውን ይዛ ነበር የወጣችው፤ የተቀቀለ የቦዬ ሥር፣ ዳጣው ለብቻው በኩባያ። ሌሊቱን ዘንቦ አባርቷል፤ ጉሙ ግን ከዳሞታ ተራራ ወርዶ አጥሩን እንኳን ደብቆታል።

«አባ፣ ይቀዘቅዛል» አለች።

ጠጋ ስትል ከጆሯቸው በላይ ያለውን ደም አየች። አጠገባቸው የእንጨት መዶሻ ወድቋል። የራሳቸው መዶሻ! ሳህኑ ከእጇ ወደቀ፣ ጩኸቷ ግን እሺ ብሎ አልወጣም። ምክንያቱም ጉሙ ውስጥ ሌላ ሰው ቢኖርስ? ገና እዚያው ቆሞ እያያት ቢሆንስ?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ሻምበልን የማያውቅ ወታደር የለም። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሥራቸው ይኼ ነበር፣ ያውም በነፃ፦ ለሠራዊት አባላት የቤት መሬት ሲሰጥ ለማን እንደሚገባ፣ ማኅበሩ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ብድሩ እንዴት እንደሚገኝ ማስረዳት። ግን በወሬ እንዳይመስላችሁ! ጓሯቸው ውስጥ ችካል ይመቱና ገመድ ወጥረው፣ ቤቱን በቁመቱ በስፋቱ ልክ መሬት ላይ ይሠሩታል። ይኼ ሳሎን፣ ይኼ መኝታ ቤት፣ ይኼ ኩሽና። ወታደሩ ገብቶ ይዞርበታል፣ ልቡ ሞቅ ይላል፣ ከዚያ በኋላ መብቱን ለማንም አይለቅም። አንድ ሕግ ብቻ አላቸው፤ ገመድ መሻገር የለም። ግድግዳ ነዋ! ኮሎኔል እንኳን ቢሻገር «ውጣ! ከበር ግባ!» ብለው ይመልሱታል።

ዛሬ ግን ጓሮው ውስጥ ችካልም የለ፣ ገመድም የለ። ጭቃ፣ አንድ ጎማ ያለው የእጅ ጋሪ፣ እና ሻምበል። በቃ።

ፈጠነች የምትባል ኢንስፔክተር በባጃጅ መጣች። አጠር ያለች፣ ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ የምትይዝ፣ ስታይ ዓይኗን የማትጨፍን ሴትዮ። ኧረ እሷ ስታየው ያላጠፋ ሰው ራሱ ያጠፋ ይመስለዋል! ሳጅን ኤልሳዕ በር ላይ ጠበቃት።

«ኢንስፔክተር፣ ያለቀለት ጉዳይ ነው» አላት። «አስር አለቃ ክብረትን ይዘነዋል። ትላንት ከሻምበል ጋር ተጣልቶ ‘ይሄን መዶሻዎትን ራስዎት ላይ ነው የምሰብረው’ ሲል ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

«ክብረት ማነው?»

ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የማክዳ እጮኛ። ማታ ወደ መምሪያ እንልከዋለን፣ ከዚያ ክስ ነው።»

ማክዳ ሰማችው። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። አስቡት እስኪ! ክብረት ከሆነ አባቷንም እሱንም በአንድ ጠዋት አጣች። ክብረት ካልሆነ ደግሞ የገደለው ሰው ታስሮ አይደለም፤ ውጭ ነው፤ ምናልባት ለልቅሶ እየመጣ ነው። የትኛው ይሻላል? የትኛውም አይሻልም!

ኢንስፔክተሯ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «የኔ ልጅ፣ ማልቀሱ ይደርሳል። በዚህ ሳምንት ስለ ቤት ጉዳይ አባትሽ ጋ ማን ማን መጣ?»

«ክብረት። ዘላለም ደላላው። ከጉኑኖ ደግሞ ኪሩቤል የሚባል፤ ወንድሙ ኢሳይያስ ወታደር ነው፣ ታሞ ኦቶና ሆስፒታል ተኝቷል መሰለኝ። ትላንት ማታ አባባ ‘ነገ ጠዋት ለአንድ ሰው ቤቱን አሳያለሁ’ ብሎኝ ነበር። ደስ ብሎት ነበር! ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩትም። ለምን አልጠየቅኩትም?»

«እንደሚሞት ስላላወቅሽ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ እና ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባች።

ሳጅን ኤልሳዕ ዓይኑን ማመን አቃተው። ሴትዮዋ የዱካዎቹን ጎን ጎን ይዛ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ በቀኝ ትታጠፋለች፣ እንደገና ትታጠፋለች። ባዶ ሜዳ ላይ!

«የሁለት ሰው ዱካ ነው» አለ ሳጅኑ። «የሻምበልና የገዳዩ። ሁለቱም የጎማ ቡትስ፣ በዝናብ ሶዶ ውስጥ ሁሉም የሚያደርገው። ሲጠማዘዝ አያዩትም? ገዳዩ ሰክሮ ነበር።»

«ሻምበልም ሰክረው ነበር?»

«እንዴ! እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ አይቀምሱም!»

«ታዲያ እሳቸውም እዚያው ቦታ ላይ ነው የታጠፉት። በል ፎቶ አንሳ፣ አንድም ሳይቀርህ። ጋሪውስ?»

«ሬሳውን ሊወስድበት አስቦ ይሆናል።»

«ጎማው ከሬሳው በፊት ነው የሄደው፤ የሻምበል ዱካ ጎማው ላይ ረግጧል። ባዶ ጋሪ ነው፣ አልሰመጠም። ሽማግሌ ሰው በጠዋት ባዶ ጋሪ ለምን ይገፋል?»

ሳጅኑ ጋሪውን ፎቶ አነሳ። ማክዳ ግን ከበሩ ሆና ጋሪው የሄደበትን ስታይ ሰውነቷ ሽምቅቅ አለ። ጎማው ቀጥ ብሎ ገባ፣ ታጠፈ፣ አንድ ቦታ ላይ ሙሉ ክብ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ጥግ ሄዶ ቆመ። ልክ የሆነ የማይታይ ነገር ተቀምጦበት እንደዞረ!

ክብረትን ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ረጅም ልጅ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ለምን ተጣላችሁ?» አለችው።

«የቤት መሬት ተራዬን ለደላላው ለዘላለም ልሸጥለት ነበር። ለሠርጉ ብዬ! ሻምበል ሰሙና ‘መብትህን ሳታውቀው ትሸጠዋለህ?’ ብለው ጮኹብኝ፤ እኔም ጮህኩ። እናቴን! የተናገርኩት ሁሉ የንዴት ነው።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ወደ ዳሞታ ሽቅብ ስሄድ ነበር። ብቻዬን። ይቅርታ እንዴት እንደምላቸው እያሰብኩ።» አንገቱን ደፋ። «ማንም አላየኝም። ማክዳ ምን አለች? እኔ ነኝ ብላለች?»

«ምንም አላለችም።»

ይኼ መልስ ከእስሩ በላይ ፊቱን አጠቆረው።

«የሻምበልን የገመድ ቤት ስንት ጊዜ ገብተህበታል?»

«ኧረ ብዙ! አዲስ ወታደር ሲመጣ ገመዱን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ማክዳን ያወቅኳት እኮ እንደዚያ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሻምበል ቤት ስትመለስ ዘላለም ደላላው ገና ሳይጠራ ራሱ መጣ። ጫማው እያብረቀረቀ፣ ስልኩ ሁለት።

«ኢንስፔክተርዬ! እኔ ጠዋት ሻንቶ ነበርኩ፣ ገበያ!»

«በጭቃ ቀን በዚህ ጫማ?»

«እ... ቀየርኩት።»

«ዘላለም፣ የሻንቶ ሚኒባስ ሹፌሮችን በሙሉ እጠይቃለሁ። አሁን ንገረኝና ተገላገል።»

ላብ አጠመቀው። «እሺ! እሺ! በጠዋት ሻምበል በር ላይ ነበርኩ። የክብረትን ነገር ተው ልላቸው። ግን እንግዳ ነበራቸው። በጉሙ ምንም አይታይም፤ ጋሪ ሲጮህ ሰማሁ፣ ሻምበል ሲስቁ ሰማሁ። ‘ከበር! ከበር ግባ እንጂ፣ ግድግዳ ጥሰህ ነው?’ አሉ። ከዚያ ‘ዛሬ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ’ አሉ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ ድምፅ። ዷ! የሚል። ችካል እየመቱ መስሎኝ... አይ፣ አልመሰለኝም። ፈራሁና ሮጥኩ። እውነቴን ነው፣ ያለ ኃጢአቴ እገባበታለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት!»

እንግዲህ ዘላለም እዚያ ቆሞ ሰምቷል! አንድ አጥር ብቻ በመሃላቸው! ማክዳ ይኼን ስትሰማ ጓሯቸውን ዞራ ማየት እንኳን አቃታት።

ቀትር ላይ ልቅሶው ቤት ሞላ። ድንኳን ተተከለ፣ ሴቶቹ በወላይትኛ ሻምበልን እያነሱ እያለቀሱ ነው። ኪሩቤል ከጉኑኖ ደረሰ፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ። ሄዶ ማክዳ አጠገብ ተቀመጠና እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«አይዞሽ ሚቾ» አላት፤ እህቴ ማለቱ ነው። «ጌታ ያጽናሽ። የገደለውን እሱ ይፍረድበት።»

እጁ በረዶ ነበር። ማክዳ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ እጇን ቀስ ብላ ሳበች።

ኢንስፔክተር ፈጠነች ወደ ውጭ ጠራችው። «ሻምበልን መቼ አየሃቸው?»

«ባለፈው ሳምንት፣ ውጭ በር ላይ። ስለ ወንድሜ ላማክራቸው። እኔ ነኝ ውክልና ያለኝ።»

«የገመድ ቤታቸውንስ አየህ?»

«አይ፣ ሲወራ ሰምቻለሁ እንጂ። ጓሯቸውን ረግጬው አላውቅም።»

«ጥሩ» አለችና ባጃጅ አስቁማ ወደ ኦቶና ሄደች።

ኢሳይያስ መስኮት አጠገብ ተኝቶ ነበር። ወጣት ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፂሙ ተላጭቷል። ብርድ ልብሱ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። አልጋው አጠገብ አዲስ ዊልቸር ቆሟል። ኢንስፔክተሯ ዊልቸሩን አየችና ስፋቱን በጃንጥላዋ ለካች።

«ስለ ቤት መሬትህ ከወንድምህ ጋር ተነጋግራችኋል?» አለችው።

«የምን ቤት?» ፈገግ አለ፣ ፈገግታው ግን የሚያሳዝን ነው። «ኪሩቤል ጠይቆልኛል። በጉዳት የተሰናበተ ሰው መብቱ አብሮ ይቃጠላል አሉኝ ብሏል። ይሁን። ብቻ ከዚህ ስወጣ የት እንደምሄድ ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። የኪሩቤል ቤት ደረጃ አለው፣ በሩ ጠባብ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ዘግቶብኝ ቢሄድስ? እንደዚህ አስባለሁ፣ ያሳፍራል።»

«አያሳፍርም» አለች።

ከሰዓት በኋላ ጓሮው ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ኢንስፔክተሯ ባዘዘችው መሠረት ሳጅኑ ጭቃውን በሙሉ በጭድ ሸፍኖታል፤ ዱካ የለ፣ ጎማ የለ፣ ቢጫ ጭድ ብቻ። ክብረት በፖሊስ ታጅቦ መጣ። ማክዳ ስታየው ልቧ ዘለለ፣ እግሯ ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። አየው። ወይኔ፣ አየው!

ፈጠነች ሻምበል በወደቁበት ቦታ ላይ፣ ጭዱ መሃል ሄዳ ቆመች። «አንድ አንድ እያላችሁ ወደ እኔ ኑ» አለች። «ክብረት።»

ክብረት ጭዱን እየረገጠ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ዘላለም።»

ዘላለም ቀጥ ብሎ፣ እየተቻኮለ፣ ጫማው እንዳይበላሽ በጣቱ እየሄደ መጣ። የሆነ ሰው ፍርሃቱ ውስጥ ሆኖ እንኳን ሳቅ አለ።

«ኪሩቤል።»

ኪሩቤል መጽሐፍ ቅዱሱን አስተካክሎ መጣ። ሦስት አራት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ምንም በሌለበት ጭድ ላይ ቆመ። ወደ ግራ ታጠፈ። ጥቂት ተጉዞ ወደ ቀኝ ዞረና ገባ፣ እንደገና ታጠፈ፣ ከዚያ ኢንስፔክተሯ ፊት ደረሰ። የድንኳኑ ለቅሶ ራሱ የራቀ መሰለ።

«ለምን ዞርክ?» አለችው ቀስ ብላ።

«እንዴ፣ ምን... ጭዱ ያንሸራትታል።»

«ጭዱ ለሁሉም ያንሸራትታል። አንተ የዞርከው ግድግዳ ስለነበረ ነው። እግርህ ያውቀዋል።»

ኪሩቤል እግሩን ቁልቁል አየው። የራሱ እግር እንዳልሆነ አድርጎ!

«ስሙኝ» አለች ፈጠነች ወደ ሁሉም ዞራ። «ጠዋት ጭቃው ላይ ሁለት ዓይነት አረማመድ ነበር። አንዱ ቀስ ያለ፣ የሁለት ሰው። ከላዩ ላይ ደግሞ የአንድ ሰው፣ የሚሮጥ፣ ጣቱ የሰመጠ። የሚሮጠው ከአንድ የተደፈጠጠ ቦታ ወደ ሌላ የተደፈጠጠ ቦታ ነው የሄደው። እነዚያ የችካል ጉድጓዶች ናቸው፤ ነቅሎ በእግሩ ደፈናቸው። በመሃላቸው መስመር ሳሰምር ቤት ወጣልኝ። ቀስ ያለው ዱካ ደግሞ ከአንድ ቦታ በስተቀር ያንን መስመር አያቋርጥም፣ በበሩ ብቻ ይገባል። ስለዚህ ሻምበል ዛሬ ጠዋት ለእንግዳ የገመድ ቤት እያሳዩ ነበር።»

«ክብረትም ይኼን ያውቃል!» አለ ሳጅን ኤልሳዕ።

«ያውቃል፤ እሱን ነፃ ያወጣውም ይኼ ነው። ከቀስታው ዱካ ውስጥ አንድ ብቻ መስመሩን ተሻግሮ ተመልሷል። ዘላለምም ‘ከበር ግባ’ ሲሉ ሰምቷል። ገመድ ሲይዝላቸው የኖረ ልጅ ግድግዳ አይጥስም፣ ከበር ግባም አይባልም። እንግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው ነው።»

ማክዳ አፏን በእጇ ያዘች።

«ታዲያ የማን ቤት ነው? ገዳዩ ገመዱን የነቀለው ቤቱ ባለቤቱን ስለሚናገር ነው። ጋሪውን ግን ረሳው። በሮቹ ሰፊ ናቸው፣ መጸዳጃው ከመኝታ ቤቱ ጋር ነው። ሻምበል ባዶ ጋሪ እየገፉ በበሮቹ ገቡ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሙሉ ክብ ዞሩ፣ መጸዳጃው ድረስ ሄዱ። ዊልቸር ያልፋል ወይ ብለው እየሞከሩ ነበር። ጓሯቸው የመጡት ወታደሮች በሙሉ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። በእግሩ የማይሄድ አንድ ሰው ብቻ አለ፣ በእሱ ስም የሚመጣም አንድ ሰው ብቻ።» ወደ ኪሩቤል ጠጋ አለች። «በጉዳት የተሰናበተ ወታደር መብቱ አይቃጠልም። ሻምበል ይኼን ያውቁ ነበር። ኢሳይያስ ግን አንተ የነገርከውን ነው የሚያውቀው። መሬቱን በውክልና ወስደህ ለራስህ ልታደርገው ነበር። ሻምበል ደግሞ ደስ ብሏቸው ‘ዛሬ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ’ አሉህ።»

«እኔ ነኝ ያስታመምኩት!» ኪሩቤል ድንገት ጮኸ። «እኔ! ዕድሜ ልኬን ተሸክሜው ልኖር ነው፣ ቤቱ ደግሞ የሱ? ሽማግሌው ይስቃል! ጋሪ እየገፋ ይስቃል! ‘ይኼውልህ፣ በራሱ ይገባል፣ በራሱ ይወጣል፣ ማንንም አይለምንም’ እያለ...»

ሳጅን ኤልሳዕ እጁን ሲይዘው አልታገለም። ችካሉና ገመዱ ከአጥሩ ጀርባ፣ እንሰቱ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ፤ የጎማ ቡትሱም አብሮ።

ማክዳ ጠዋት ያልወጣላት ጩኸት ያን ጊዜ ወጣ። ያ ቀዝቃዛ እጅ! በዚያው እጅ ነው «አይዞሽ» ብሎ የያዛት!

ፈጠነች ጫማዋን አድርጋ ስትወጣ ሳጅኑ ተከተላት። «ወዴት ነው፣ ኢንስፔክተር?»

«ኦቶና። ያ ልጅ መሬት እንዳለው ዛሬ መስማት አለበት። የወንድሙንም ነገር ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከእኔ ይስማ።»

የክብረት እጅ ተፈታ። ማክዳ ጋ አልሮጠም፤ ጥቂት ራቅ ብሎ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጠ። አንጓውን እያሻሸ፣

«ፈርተሽኝ ነበር፣ አይደል?» አላት።

ልትዋሽለት ትችል ነበር። ቀላል ነበር እኮ!

«አዎ» አለች። «ስትመጣ ፈራሁህ። አንተ ልትሆን ትችላለህ ብዬ አሰብኩ።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። አላለቀሰም። እዚያው ተቀመጠ፣ ትምጣ አትምጣ ለእሷ ትቶ። ከድንኳኑ ወንዶቹ ተነስተው «ሳጥኑ ይውጣ» መባባል ጀመሩ። ማክዳ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ተነስ» አለችው። «አባቴን ከፊት የሚሸከመው አንተ ነህ።»